ስንቁን ይዞ መንገድ ላይ የቀረ ቼክ

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የ186,400 ብር ቼክ ይዤ ከሱቄ ማዶ ወዳለው ባንክ ተሻገርኩ። ቼኩን የጻፈልኝ ከሐዋሳ መጥቶ እዚህ ክብረ መንግሥት አቅራቢያ የትምህርት ቤት ክፍሎች የሚሠራ ተቋራጭ ነው። መቶ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ፌሮና ሚስማር በአንድ አይሱዙ ጭኖ ሄዷል። ሒሳቡ ያለው ሐዋሳ ሲሆን ባንኩም ከእኔ ባንክ የተለየ ነው።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቼኩን አገላበጠች፣ ቀኑን አየች፣ በአኃዝና በፊደል የተጻፈውን አስተያየች፣ የገቢ ደረሰኙ ላይ ማኅተም መታች።

«እትዬ፣ ገንዘቡን ቶሎ እንዳይጠብቁ» አለችኝ።

«እስከ መቼ ነው?»

«ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን። አንዳንዴ ሊያልፍም ይችላል።»

አነጋገሯን አውቀዋለሁ፤ የራሴ አነጋገር ነው። ይህን የሕንፃ መሣሪያ መደብር ከባለቤቴ ከመረከቤ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ተቀምጬ «አሥራ አምስት ቀን» ስል ኖሬያለሁ። ዝናብ ዘገየ እንደሚባለው፣ ማንም እንደማያዝዘው ነገር አድርጌ ነበር የምናገረው። ቡና ነጋዴው «እሺ» ብሎ ይወጣል። መምህሩም «እሺ» ይላል። ከነገሌ የመጣ አንድ የከብት ነጋዴ ግን አንድ ቀን ቼኩን ከእጄ መልሶ ተቀበለና «እኔ የሸጥኩት በሬ ነው፤ እናንተ የምትሰጡኝ የብር ሥዕል ነው» ብሎኝ ሄደ። ያን ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስቀንበታል። አሁን ሳስበው ከሁላችንም ይልቅ ነገሩ የገባው እሱ ነበር።

ወደ ቼኬ ልመለስ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። የመመለሻው ወረቀት «ፊርማው አልተመሳሰለም» ይላል። ገንዘቡ አለ፤ ሰውየውም አጭበርባሪ አይደለም። ፊርማው የተበላሸው ግቢዬ ውስጥ በተደረደረ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስደግፎ ስለፈረመ ነው። ከረጢቱ ሲሰምጥ እስክሪብቶው ወረቀቱን ወግቶት ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ሌላ ጻፍ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የተቋራጩ ባንክ ሠራተኛ ቼኩን ከፊርማ ናሙናው ጋር ለማስተያየት አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው። ያ የአምስት ደቂቃ ሥራ እኔ ዘንድ ለመድረስ አሥራ ሦስት ቀን ወሰደ። በዚያ መሀል የፌሮ አከፋፋዬ ዋጋ ጨመረ። እኔም የዕቁብ ዳኛችንን ለምኜ ተራዬን አስቀደምኩ፤ ከኋላዬ ልጇን ለመዳር ትጠብቅ የነበረች ሴት አለች፤ እስከ ዛሬ በሙሉ ዓይኗ አታየኝም።

የሕግ ሰዎች ገበያው «ደረቅ ቼክ» የሚለውን «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይሉታል። ቃሉን ሁልጊዜ እወደዋለሁ። ቼክን መንገደኛ፣ ገንዘቡን ስንቅ ያደርገዋል። ሕጉ ስንቅ ሳይቋጥርለት መንገደኛ የሚልከውን ሰው አይምርም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 ሆን ብሎ ያደረገውን እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። እሰየው። ነገር ግን ስንቁ ሙሉ ሆኖ መንገድ ላይ አሥራ ሦስት ቀን ለሚቀረው መንገደኛ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጥቻለሁ።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ከክብረ መንግሥት፣ ኦሮሞው አዶላ ከሚላት ከተማችን፣ የተነሳ አውቶቡስ ኢርባ ሞዳን አልፎ ወደ ቦሬ ብርድና ጉም ይወጣል፤ ከዚያ በሐገረ ሰላም በኩል ወርዶ ሐዋሳ ይገባል። አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ደቡብ ዋደራን አልፎ ነገሌ ለመድረስ ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይቀራል። የእኛ ባንክ ቼኬን በፖስታ ከተተና ከሌሎች ሰነዶች ጋር አከማችቶ ለዲስትሪክቱ ላከ፤ ዲስትሪክቱ ለአዲስ አበባ ላከ፤ አዲስ አበባ ላይ ለተቋራጩ ባንክ ቀረበ፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ወረደ። ቼኩ የተጻፈበት ባንክ ያለው ሐዋሳ ነው። ፖስታው ሐዋሳን ሁለት ጊዜ አልፏል፤ ሲሄድ አንድ፣ ሲመለስ አንድ።

በእኔ ዘመን ይህ የሚገርም አልነበረም። የደርግ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ከወረሰ በኋላ ለብዙ ዓመታት ለነጋዴው የነበረው ባንክ አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቼክ ጣጣውም የአንድ ቤት የውስጥ ጣጣ ነበር፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የየቅርንጫፉ ሒሳብ በየመዝገቡ ነበር የሚኖረው፤ ነገሌ ሒሳብ ያለው ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ አሥር ብር ማውጣት አይችልም። ቼኩ በፖስታ ይሄዳል። ሐዋላ ግን በስልክ እንልክ ነበር። ከቀኑ፣ ከብሩ መጠንና ከቅርንጫፉ የሚሰላ «ቴስት» የምንለው ምስጢራዊ ቁጥር አለ፤ ኦፕሬተሯ መስመር ስትሰጠን ቁጥሩን ጮኸን እንናገራለን፤ ወዲያ ማዶ ያለው ጓደኛችን ከሠንጠረዡ ጋር ያስተያያል፤ ከተስማማ ገንዘቡ በዕለቱ ይከፈላል። እንግዲህ ያኔም ቢሆን ቃል ከወረቀት ይፈጥን ነበር። ይህን እያወቅን ወረቀቱን በአውቶቡስ መስደዳችንን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የግል ባንክን ከፈቀደው የ1986ቱ አዋጅ በኋላ አዳዲስ ባንኮች መጡ፤ ዛሬ በአገሪቱ ያሉት ባንኮች በጠቅላላው ከ30 በላይ ናቸው። ባንክ ሲበዛ የማቻቻያ ቦታ ያስፈልጋል። ለንደን ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የባንክ ጸሐፊዎች ቼክ ይዘው ከባንክ ባንክ መዞሩ ቢታክታቸው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተገናኝተው እዚያው መለዋወጥ ጀመሩ ይባላል፤ ክሊሪንግ የሚባለው ነገር አመጣጡ ይኸው ነው። የስንፍና ፍሬ ነው፤ ግን ብልህ ስንፍና። በእኛ አገር ይህን የሚያስተናግደው ብሔራዊ ባንክ ነው። በ2003 ዓ.ም. የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ወጣ፤ ባንኮችን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያገናኘው የገንዘብ ማስተላለፊያ ሥርዓትም ተተከለ። ቼኮቻችን በአንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲታተሙ ተደረገ፤ ከግርጌያቸው የምታዩዋቸው ጠማማ ቁጥሮች በማግኔት ቀለም የተጻፉት ማሽን እንዲያነባቸው ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ወረቀቱ ይቀመጥ፣ ሥዕሉ ይሂድ።

ሥዕሉ አዲስ አበባ ውስጥ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ነጋዴ ወዳጆቼ የሌላ ባንክ ቼክ አስገብተው በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ገንዘቡን ሲያገኙ አይቻለሁ። ችግሩ ያለው ሥዕሉ የት ይነሣል የሚለው ላይ ነው። እኔ የማስገባበት ቅርንጫፍ ቼክ የሚያነብ ማሽን የለውም። ስለዚህ ወረቀቱ ፎቶ ለመነሳት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የክብረ መንግሥት ሰው ለፓስፖርት ፎቶ አዲስ አበባ ቢላክ እንዴት እንደምንስቅ አስቡት።

ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ይህንኑ ነገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሻይ አስመጣልኝ። «እትዬ፣ እዚህ በሳምንት ስንት የሌላ ባንክ ቼክ ይመጣል ብለው ነው? ለዚያ ማሽን ቢገዛ አያዋጣም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዙ አይመጣም። ግን ለምን አይመጣም? አሥራ አምስት ቀን ስለሚፈጅ ነው። በከተማችን ያሉ ነጋዴዎች የሌላ ባንክ ቼክ አንቀበልም ብለው በየግድግዳው መጻፍ ብቻ ነው የቀራቸው። ድልድይ የሌለበትን ወንዝ ማንም አይሻገረውም፤ የሚሻገረው የለም ተብሎም ድልድይ አይሠራም። ደግሞስ ማሽን የግድ ነው ወይ? ልጄ በስልኩ የሚያነሳው ፎቶ የላሟን ሽፋሽፍት ያሳያል። ብሔራዊ ባንክ ፈቅዶ ደንብ ካወጣለት የቅርንጫፉ ሠራተኛ በባንኩ ስልክ የቼኩን ፊትና ጀርባ አንሥቶ መላክ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ወረቀቱ ለክርክር ጊዜ እዚያው ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በመከራ ነው። እነሱ ዘንድ ቼክ የሚጓዘው በአውቶቡስ ሳይሆን በአውሮፕላን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ በረራ ሁሉ ሲታገድ ቼኮቹም መሬት ላይ ቀሩ፤ በማዕከላዊ ባንካቸው መዝገብ ላይ የተንጠለጠለው ያልተወራረደ ገንዘብ በጥቂት ቀናት ከ47 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቼክ ሥዕል ታትሞ እንደ ዋናው ቼክ በሕግ እንዲጸና የሚያደርግ አዋጅ አወጡ፤ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። እኛ አውሮፕላን እስኪታገድ መጠበቅ አያስፈልገንም። የቦሬ ዳገት ላይ በክረምት ጭቃ የያዘው መኪና ዓመት በዓመት ያስተምረናል።

ሞያሌ ላይ ድንበሩን ብትሻገሩ ኬንያ ከ1 ሚሊዮን ሽልንግ በላይ የሆነ ቼክ እንዳይጻፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ከልክላለች፤ ትልቅ ገንዘብ ያለው በቀጥታ ማስተላለፊያው ይላክ ብላ። በ2011 ደግሞ ቼኩ በሥዕል መጣራት ጀመረ። የእኛ የቦረና ከብት በዚያ ድንበር በኩል ሲያልፍ ኖሯል፤ ሐሳብም በዚያው ቢመለስ ምን ነበረበት?

ከሁሉ የማረከኝ ግን ሕንዶች ያደረጉት ነው። በ2018 ዓ.ም. በመስከረም ወር አዲስ ሥርዓት ጀምረዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የገባ ቼክ ወዲያው ወዲያው ለከፋዩ ባንክ ይደርሳል፤ ከፋዩ ባንክ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት «እከፍላለሁ» ወይም «አልከፍልም» ማለት አለበት። ዝም ካለ እንደከፈለ ይቆጠርበታል። ጅምሩ ላይ መንገራገጭ እንደነበረበት፣ ደንበኞችም ቼካችን ዘገየ ብለው እንደጮኹ አንብቤያለሁ። ይሁን። ዋናው ነገር ዝምታን ያስከፈሉበት መሆኑ ነው። የእኛ አሠራር ተቃራኒው ነው፤ የከፋዩ ባንክ ዝም ባለ ቁጥር የሚከፍለው አስገቢው ነው። እኔ በዕቁብ ተራዬ ከፈልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ባንኮች ጮክ ብለው የማይናገሩት ነገር አለ። በነዚያ አሥራ ሦስት ቀናት ገንዘቡ የትም አልሄደም። ሐዋሳ ተቋራጩ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል፤ ባንኩም ይሠራበታል። እኔ ቆርቆሮዬን ሰጥቻለሁ፤ ገንዘቡ ገና የእኔ አይደለም። ስለዚህ መዘግየቱ ሁሉንም እኩል አይጎዳም።

የሚጠቀምበት ሌላ ሰውም አለ። በመስኮቱ ዘመኔ አንድ ደንበኛ ነበረን፤ ቼክ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። ለዲላ ነጋዴ ይጽፋል፤ ለሻሸመኔ ይጽፋል፤ ሒሳቡ ውስጥ ግን ሳንቲም የለም። በየሁለት ቀኑ ብቅ እያለ «ከዲላ ፖስታ መጣ?» ብሎ በለሆሳስ ይጠይቀናል። አልመጣም ካልነው ይሄዳል። ሊመጣ ነው ሲባል በቼክ የወሰደውን ዕቃ ሸጦ ያገኘውን ብር በጆንያ ተሸክሞ ያስገባል። የፖስታውን ፍጥነት ከእኛ ይልቅ ያውቀው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በሌሎች ሰዎች ገንዘብ ያለ ወለድ ነገደ። አንድ ጊዜ ፖስታው በአንድ ቀን ቀደመውና ተያዘ። ያን ጊዜ ሁሉ «ሌባ» አለው። እኔ ግን ሌብነቱን የከለለለት የኛው ፖስታ ነበር እላለሁ። ቼክ ደረቅ መሆኑ በማግሥቱ ቢታወቅ ያን ጨዋታ የሚጫወት ሰው አይኖርም ነበር። ባንኮች «ማጣሪያው የሚዘገየው ለጥንቃቄ፣ ማጭበርበርን ለመከላከል ነው» ሲሉ ስሰማ ያ ሰው ትዝ ይለኛል። መዘግየቱ ከአጭበርባሪ አልጠበቀንም፤ አጭበርባሪውን ነው ሲጠብቅ የኖረው።

ስለ ቀን ቼክም ልበል፤ እዚህ ከተማ ያለ እሱ ንግድ የለምና። ዕቃ በዱቤ የሚወስድ ሰው የሁለት ወር ቀን ጽፎ ለመተማመኛ ቼክ ይሰጣል። ተቀባዩ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ቀኑን ይቆጥራል። ሕጉ ይህን አያውቀውም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ነው፤ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ቢቀርብ እንኳ በቀረበበት ቀን ይከፈላል፤ በስድስት ወር ውስጥም መቅረብ አለበት። ሰዉ ግን ቼኩን እንደ ዋስ ነው የሚያየው፤ ከበስተጀርባው የወንጀል አንቀጹ እንደ ዱላ ቆሟል። ይህን ልማድ አልኮንነውም፤ ባንክ ለትንሽ ነጋዴ ብድር በማይሰጥበት አገር ነጋዴው ለነጋዴው በዚህ ነው የሚያበድረው። የምለው ይኸን ብቻ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ቼኩ ሲገባ መልሱ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ቢታወቅ፣ ተበዳሪው ገና ከተማ ውስጥ፣ ስልኩም ገና ክፍት ሳለ፣ በሽማግሌ ይፈታል። በአሥራ አምስተኛው ቀን የሚመጣ «ስንቅ የለውም» የሚያደርሰው ፍርድ ቤት ነው።

ልጄ በዚህ ሁሉ ይስቃል። «እማዬ፣ ቼክ ለምን አይቀርም? ስልክ አለ» ይለኛል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የጠዋት ዳቦዬን እንኳ በስልክ ነው የምገዛው፤ ከባንክ ወደ ሌላ ባንክም በስልክ መላክ ተችሏል። ለችርቻሮው እውነቱን ነው። ተቋራጩ ግን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከፈለው በቼክ ነው፤ ማኅበር ደግሞ ሁለት ፈራሚ አለው፤ ስልክ ግን የአንድ ሰው ነው፤ በቀን የሚላከው ገንዘብም ጣሪያ አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለአቅራቢና ለተቋራጭ የሚከፍሉትን በቼክ መጻፍ ትተው በቀጥታ ወደ ሒሳብ ቢያስተላልፉ የዚህ ከተማ ግማሽ ጣጣ በአንድ ጠዋት ያበቃል። ሌላው ግማሽ፣ የነጋዴው የመተማመኛ ቼክ፣ ይኖራል።

ይቻላል ወይ የሚለኝ ካለ ቡናውን ይመልከት። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመሠረቶቹ አንዱ ሻጭ በሸጠ ማግሥት ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ቅርንጫፍ ገና በመዝገብ ነበር የሚሠራው፤ ቢሆንም ገባ። የጉጂ ቡና፣ ያኔ በሲዳሞ ስም ነበር የሚሸጠው፣ በጭነት መኪና ወርዶ ሐዋሳ ወይም ዲላ መጋዘን ይገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ይሸጣል፤ በማግሥቱ የአቅራቢው ሒሳብ ይሞላል። ጎረቤቴ ቡና አቅራቢ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ባንክ ሄዶ ገንዘቡን ሲያይ ስህተት መስሎት ለሠራተኛዋ «ይሄ የኔ አይደለም» ብሏታል። እንግዲህ ቡናው በመጣበት መንገድ ላይ ያለነው እኛው ነን። ርቀቱም ያው ነው፤ የቦሬ ጉምም አልተቀየረም። ልዩነቱ፣ እዚያ አንድ ሰው «በማግሥቱ» ብሎ ቀን ቆርጦ ተናግሮ በዚያ ቀን የተያዘ መሆኑ ነው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው ይህችኑ ቀን ነው። የገቢ ደረሰኙ ላይ የገባበት ቀን አለ፤ መጠኑ አለ፤ የቼክ ቁጥሩ አለ። ቼኩ የሚከፈልበት ወይም የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን ግን የለም። ቀኑ ይጻፍ። ረዥም ይሁን ብላችሁ አምስት ቀን ጻፉ፤ ግን ጻፉት። ያ ቀን ካለፈ ባንኩ የሚከፍለው ነገር ይኑር። ቼኩ ሲመለስም ምክንያቱ በአጭር መልእክት ስልኬ ላይ በዚያው ሰዓት ይድረሰኝ። ገንዘቤ አምስት ብር ሲጎድል መልእክት የሚልክልኝ ባንክ 186,400 ብሬ ሲመለስ ለምን ዝም ይላል? ጻፊውም ቢሆን ትልቅ ቼክ ሲጽፍ ቁጥሩንና መጠኑን ለባንኩ በስልኩ ቢያስታውቅ፣ ባንኩ «እርስዎ ነዎት የጻፉት?» እያለ ሰው ፍለጋ ሲደውል አይውልም፤ ፊርማው ቢጣመምም ሰውየው ራሱ ይመሰክራል። ሕንዶች ይህንንም አላቸው፤ ለትልልቅ ቼኮች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ።

ኔትወርክ ጠፋ፣ መብራት ሄደ የሚለውን አውቃለሁ። በዚህ አካባቢ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማ ነው። ሲስተም የሚጠፋው ግን ለሰዓታት ነው፣ ቢከፋ ለቀናት። አሥራ ሦስት ቀን የጠፋው ሲስተም አይደለም።

ወርቅ ሻጩ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ከሻኪሶ መንገድ የሚመጡት ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ሚዛኑ ላይ ብጥስጣሹን ሲያፈሱ ዓይናቸው ከነጋዴው እጅ አይነቀልም፤ ብሩ ካልተቆጠረ ወርቁ ከሚዛኑ አይነሳም። ቼክ ብትሰጣቸው ይስቁብሃል። ባንክ በደንብ ካላገለገለ ሰው ወደዚያ ይመለሳል፤ በሌሊት ጥሬ ብር ተሸክሞ የዋደራን መንገድ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ በቀን የሚወጣው ጥሬ ገንዘብም ሲገደብ፣ መንግሥት የፈለገው ሰው ብሩን ከፍራሽ አውጥቶ ባንክ እንዲያስገባ ነበር። አስገባን። አሁን ብሩ ባንኩ ውስጥ በወረቀት ሲንቀሳቀስ ከበሬ የፈጠነ እንዲሆን ብንጠይቅ ትልቅ ነገር አይመስለኝም።

ተቋራጩ ሁለተኛውን ቼክ ሊጽፍ ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጣ። የመደርደሪያዬን መስታወት በጨርቅ ጠረግኩለት። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክርኑን አስደግፎ፣ ተማሪ ቤት እንደገባ ልጅ በዝግታ ፈረመ። ሰኞ አስገባሁት። ልጅቷን «ደረሰኙ ላይ የሚከፈልበትን ቀን ጻፊልኝ» አልኳት። ቦታ እንደሌለው አሳየችኝ። «ጀርባው ላይ ጻፊው» አልኳት። ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ በእስክሪብቶ «10–15 ቀን» ብላ ጻፈችና ፈገግ አለች።

ዛሬ ስምንተኛው ቀን ነው። ተቋራጩ ለሁለተኛው ብሎክ የጠየቀኝ ሃምሳ ቆርቆሮ በሽቦ ታስሮ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ የሚጭነው አይሱዙም ትናንት መጥቶ ባዶውን ተመልሷል።